ወደ እብናት የምትወርደው ኳስ

ባለፈው ሐምሌ የመኪናዬ ጎማ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ተነፈሰብኝ። ጎሚስታው ወረፋ ስለበዛበት፣ ዝናቡም ስለጠና፣ ከጎኑ ካለው ፑል ቤት ገብቼ ሻይ አዘዝሁ። አንድ ቀጭን ወጣት ግንበኞች የሚይዙትን ውሃ ልክ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ጎንበስ ብሎ አየው። አንዱን እግር በብሎን ትንሽ ከፍ አደረገ፣ እንደገና ለካ፣ ከዚያ መጫወት ጀመረ። ጓደኞቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፤ ለእነሱ የየቀኑ ሥራ ነው። እኔ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ያንን ጠረጴዛ ሳይ ቆየሁ። ንዴት በዕድሜ ይበርዳል የሚሉ ሰዎች ምን ዓይነት ንዴት እንደሚያውቁ እንጃ፤ የእኔ አልበረደም።

እኔ ፑል የተማርሁት ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በከተማው እኛ የምናውቀው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የጋሽ ደምለው ነው። ጋሽ ደምለው አሥመራ ወታደር የነበሩ፣ ጨዋታውንም እዚያው የተማሩ፣ ጦሩ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው የገቡ ሰው ናቸው። እስካሁን “እሳቸው” የምለው አፌ ለምዶ እንጂ ወድጄ አይደለም። ቤታቸው ከወንዙ በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ የተሠራ ጭቃ ቤት ነው። ወለሉ አፈር ነበር፤ አፈሩም እንደ አገሩ ሁሉ ወደ ወንዙ ያዘነበለ ነው። ጠረጴዛው እዚያ ላይ ቆሞ ነበር።

በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ከተማ ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ነበር። አገሬ ጉና ሥር ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲወርድ በበቅሎ ድንችና ገብስ ያመጣልኛል፤ አመጣጡ ግን ከወር ወር እየቀዘቀዘ ሄደ። መሬቱን ታላላቅ ወንድሞቼ ተካፍለውታል። ለእኔ የተረፈ ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አያነሳውም። ስለዚህ ቀኑን የማሳልፍበት ስፈልግ ጋሽ ደምለው ቤት ገባሁ፤ እጄም እንጨቱን ስትይዝ የራሷን ሥራ ያገኘች መሰለኝ።

ጋሽ ደምለው ማስተማር ይችሉበታል። ይህን መካድ አልችልም። ጠዋት ሰው ሳይገባ፣ የጉና ብርድ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ይጠሩኛል። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ያቀርቡና እጄ እስኪሞቅ በልቼ እንጀምራለን። አንዲቷን ኳስ እዚያው ቦታ እያስቀመጡ፣ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ እስክትገባ ደጋግመው ያስመቱኛል። ነጯን ኳስ መትቶ ማቆም፣ መትቶ ወደ ኋላ መመለስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀስ ብላ ተንከባላ የምትገባዋን አመታት አስተማሩኝ። “ኃይል የማንም ነው” ይሉ ነበር፣ “ዝግታ ግን ይለመዳል።”

ለጠረጴዛው ረጃጅም ጠርዞች ስም ነበራቸው። በወንዙ በኩል ያለው “እብናት”፣ ከበላይ ያለው “ጉና” ነው። እብናት ቆላ ስለሆነ ነው እንግዲህ። “ኳስ ሲደክማት ወደ እብናት ትወርዳለች፤ ስለዚህ ምንጊዜም ወደ ጉና አስጠግተህ ምታ” ይሉኛል። እኔም እመታለሁ፤ ኳሷ ወደ ጉና ትሄድና ቀዳዳው አጠገብ ስትደርስ ቀስ ብላ ታጥፋ ትገባለች። ተመልካቹ “ወረደች!” ብሎ ይጮኻል። ይህ የፑል ጠባይ ነው ብለን ነበር የያዝነው። ፊዚክስ የተማርን፣ ስለ መሬት ስበት ፈተና የተፈተንን ልጆች ነን እኮ! ከመሀላችን ኳስ ለምን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደምትደክም የጠየቀ የለም። አንድ የጎንደር ሾፌር ተሸንፎ ሲወጣ “ጠረጴዛችሁ ጠማማ ነው” ቢለን፣ ሽንፈቱን ጠረጴዛ ላይ ለጠፈው ብለን ስንስቅበት ዋልን። ጋሽ ደምለውም አብረውን ሳቁ።

ባሕር ዳር ያለ አንድ ፋብሪካ ለክለቡ ተጫዋች ሊመርጥ ውድድር ማዘጋጀቱን የሰማሁት ጥቅምት ላይ ነው። ያሸነፈ ሥራ ይቀጠራል፣ ማደሪያም ይሰጠዋል ተባለ። ለአባቴ ነገርሁት። በቅሎዋን እየጫነ አዳመጠኝና፣ “ሂድ። ባይቀናህ ግን ወደ እኔ ብትመጣ የማካፍልህ መሬት የለኝም። ይህን እወቀው” አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ድምፁ እንዲያውም ተሰበረ። እናቴ በሶ ላከችልኝ። ጋሽ ደምለው ግን ወሬውን ስነግራቸው ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። “ሂድ እንግዲህ፤ እጅህ አያሳፍርህም። እኔስ አብሬህ በሄድሁ፣ ይኼ ቁርጥማት አልለቀቀኝም። ወንዛዬ ፍል ውሃ ልገባ ነው” አሉኝ። ጉልበት ስሜ ተለያየን።

ኅዳር ነበር። የወረታ መንገድ ያን ጊዜ አቧራ ስለሆነ ባሕር ዳር ስንደርስ ቅንድባችን ሁሉ ነጥቷል። በየማሳው ገብስ ይታጨዳል። እኔ ከአውቶቡሱ መስኮት ሆኜ አጫጆቹን እያየሁ፣ ከዚህ በኋላ እዚህ ሥራ ላይ አልገኝም እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር። ደስታዬን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

የውድድሩ አዳራሽ ሞቃት ነው፤ የጠረጴዛው ጨርቅ አዲስ፣ መብራቱም ብዙ። ተራዬ ሲደርስ ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብዬ አየሁትና አጠገቤ ለቆመው ዳኛ ቀስ ብዬ፣

“የእብናት በኩል የትኛው ነው?” አልሁት።

“ምን?”

“ኳስ የምትወርድበት ወገን።”

ዳኛው ጥያቄዬን ጮክ ብሎ ለሌሎቹ ደገመላቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። “ወንድም፣ ይኼ ጠረጴዛ ነው እንጂ ገደል አይደለም!” አለኝ አንዱ።

እያሾፉ የደበቁኝ መስሎኝ አንዱን ወገን ጉና ነው ብዬ በግምት ያዝሁ። መታሁ፤ ኳሷ ሄዳ ሄዳ ሳትታጠፍ ጠርዙን መታች። ወገኑን ተሳስቻለሁ ብዬ በሚቀጥለው ወደ ሌላው አስጠጋሁ፤ አሁንም ሳትሁ። ከዚያ ተጋጣሚዬ አንዲት ኳስ በዝግታ አንከባለለ። ቀጥ ብላ ሄደች፤ እየደከመችም ቀጥ አለች፤ ገባች። ያን ጊዜ ገባኝ። ገባኝ ማለት ግን ጭንቅላቴ ነው እንጂ እጄ አይደለችም። ቀጥ አድርጌ ልምታ ብዬ ስዘጋጅ እጄ ራሷ ወደ ለመደችው ትሄዳለች። ቶሎ ተሸነፍሁ። ከፋብሪካው የመጡ አንድ ሽማግሌ ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው፣ “አያያዝህ እንዴት ያምራል! ማን ነው እንዲህ ወደ ጎን እንድትመታ ያስተማረህ?” አሉኝ።

ስመለስ ሐሙሲት ወረድሁና ፍል ውሃ ከሚሄዱ ሕሙማን ጋር በጭነት መኪና ወንዛዬ ገባሁ። ጋሽ ደምለው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እግራቸውን ሙቁ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ የሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

“መጣህ?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ጠረጴዛው ጠማማ ነው።”

“ነው” አሉ። እንዲህ ብቻ።

“ያውቁ ነበር?”

“አሥመራ ያን ያህል ዘመን ስጫወት ኖሬ እንዴት አላውቅም?”

“ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?”

ቆሎውን ከእጃቸው አራገፉ። “ብነግርህ አሸንፈህ በዚያው ትቀር ነበራ! ያ ቤት ሰው የሚገባበት አንተን ሊያይ ነው። እኔስ ብሆን፣ አንተ ከሄድህ ከማን ጋር ልጫወት ነው? ከነዚያ እንጨት መያዝ ከማያውቁት ጋር?” ከዚያ ፈገግ ብለው ጎናቸው ያለውን ድንጋይ በመዳፋቸው ጠረጉልኝ። “ይኸው መጣህልኝ አይደል! ተቀመጥ ልጄ፣ እግርህን ንከር፤ ደክሞሃል።”

ደስ ብሏቸው ነበር። ቢሳለቁብኝ፣ ቢቆጡኝ፣ ቢዋሹኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። መሬት እንደሌለኝ ያውቃሉ፤ አባቴ ያለኝን ራሴ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ሁሉ እያወቁ በመመለሴ ከልባቸው ደስ አላቸው። ልሳደብ አፌን ከፈትሁ፣ “አንተ” የሚለው ቃል አልወጣልኝም። ጥያቸው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ድንች በሚጭን መኪና ላይ ረዳት ሆንሁ፣ ቆይቼም ሾፌር ሆንሁ። በየደረስሁበት ከተማ እጄን ላቃና ሞክሬአለሁ። በኃይል ስመታ ደህና ነኝ፤ ዝግታ የሚጠይቅ ሲመጣ ግን እጄ ወደ ጉና ትሄዳለች። የሚቆጨኝ ነገር ይኸው ነው፦ ሰነፍ ተማሪ ብሆን ኖሮ እጄ ትመለስ ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት ሳልታክት በመልመዴ ራሴን አበላሸሁ። ጋሽ ደምለው ሲሞቱ ለቀስተኛው “ልጃቸው እሱ ነው፣ ይሸከም” ብሎ አስክሬናቸውን አሸከመኝ። ተሸከምሁ። እንባ ግን አልመጣልኝም፤ ሰዉም ሐዘን አድርቆት ነው አለ።

ሻዬን ሳልጠጣው ዝናቡ አባራ። ያ ቀጭን ወጣት ሳየው መቆየቴን አስተውሎ ኖሯል፣ እንጨቱን ይዞ መጣ።

“አባባ፣ ይሞክሩ እስቲ።”

“ነክቼው አላውቅም” አልሁት።

“ችግር የለም፣ አሳይዎታለሁ” ብሎ አስነሳኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያስያዘ፣ ክንዴን ዝቅ እያደረገ፣ በትዕግሥት አስተካከለኝ። ለአንድ ለማያውቀው መንገደኛ ይህን ያህል መድከሙ ገረመኝ። ከዚያ ከኋላዬ ቆሞ፣ “ሌላ ምንም የለውም። ቀጥ አድርገው ብቻ ይምቱ” አለኝ።

ያቺን ቃል ጋሽ ደምለው ከዚያ ሁሉ ጠዋት በአንዱ እንኳ ሊሉኝ ይችሉ ነበር። ልመታ ጎንበስ እንዳልሁ ዓይኔ በእንባ ስለፈዘዘብኝ እንጨቱን ለልጁ መለስሁለትና ጎሚስታው ጠርቶኛል ብዬ ወጣሁ። ጎሚስታው ግን አልጠራኝም ነበር።