አርባ ሰው ተጭኖ የተለካው ዘንግ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አባቴን ይዤ ጎንደር አጠገብ ካለችው ፀዳ ተነሳሁ። ሰው በማኪናው ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል፤ እኛ በሰው ማኪና ተሳፍረን ማኪና ልንጠይቅ ነበር የምንሄደው።

አባቴ አያ ሞላ ዕድሜውን አዘዞ ላይ የጭነት ማኪና ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው። ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሚኖረውም ከእኔ ጋር ነው። እኔ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ልጅ ሳለሁ ከጋራዥ ሲመጣ ናፍጣና ሳሙና አቅርቤ እጁን ማስታጠብ የእኔ ድርሻ ነበር። ማኪና ሥር ልግባ ስል ግን «ደብተርሽን ያዢ!» ብሎ ያባርረኛል። ዛሬም በየገበታው የማስታጥበው እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ውኃው እጁ ላይ ሲወርድ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ይህ ከሕመሙ ይልቅ ያሳዝነኛል።

እኛን ያሳደገችን የቤታችን የጭነት ማኪና አምባ ጊዮርጊስ ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን ጋ ናት። የማርሽ ሳጥኗ፣ ካምቢዮዋ፣ ተሰባበረና ጌታሁን ከሌላ ዓይነት ማኪና የወጣ ካምቢዮ ገዝቶ አስገባላት። ከሞተሩ ጋር እንደ ምንም ተስማማ። ችግሩ ከኋላ ነው፦ አዲሱ ካምቢዮ ከድሮው በአራት ጣት ስለሚረዝም፣ ከእሱ ተነስቶ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ረጅም የብረት ዘንግ አልገባም አለ። የቡሎን ቀዳዳውም አይገናኝም፤ የዘንጉ አራት፣ የካምቢዮው ስድስት። ጌታሁን ደውሎ «ረቡዕ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው ይመጣል፤ እስከዚያ ካልሆነ ልሽጣት ነው» አለ። አባቴ ስልኩን መለሰልኝና ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

ጎንደር መናኸሪያ ገብተን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅን። በሰው መቶ ሃምሳ ብር ከፍለን ተሳፈርን። ኮሶዬ ላይ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ገባ፤ በስተግራ ገደሉ ጉም ለብሶ ተኝቷል። ከዚያ ወዲያ የወገራ ሜዳ ነው፦ ባሕር ዛፍ፣ ገና የታረሰ መሬት፣ አልፎ አልፎ የቆርቆሮ ቤት። አባቴ ግን መልክዓ ምድሩን አላየም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚኒባሱን ሞተር ያዳምጥ ነበር፤ አምባ ጊዮርጊስ ስንወርድ ለሹፌሩ «ሦስተኛ ማርሽህ ያመዋል፣ ልጄ» አለው። ሹፌሩ ደነገጠ።

ጌታሁን ለምሳ ከቀረበው የድንች ወጥ በፊት ሁለት ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ አመጣ። የሚፈለገው የዘንጉ ቁመት ነበር።

«ስትለካ ማኪናዋ እንዴት ነበረች?» አለ አባቴ።

«በክሪክ ተነስታ።»

«ባዶዋን?»

«ባዶዋን ነዋ፣ አባዬ።»

«በባዶ ሆድ የተለካ ሱሪ ከምሳ በኋላ አይቆለፍም» አለና ሲባጎውን ፈታው። ማኪና ሲጫን ክብደቱን የሚሸከመው የኋላው የብረት ስፕሪንግ፣ ባሌስትራው፣ ይተኛል፤ በካምቢዮውና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ቦታም ይለወጣል። ዘንጉ ያኔ ረዝሞ ከተገኘ አዲሱን ካምቢዮ እየገፋ ይሰብረዋል። ስለዚህ መለካት ያለበት ጭነት ተጭኖ ነው። ጭነት ግን የለም። ጌታሁን ሊያመላልስ የተዋዋለው የዘር ድንች ገና ከገበሬው እጅ አልወጣም።

«ነገ እሑድ አይደል?» አለ አባቴ። «ጭነቱ ከቅዳሴ ሲወጣ እንለካለን።»

*እሑድ*

ማኪናዋን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ደልዳላው ላይ በጎማዋ አቁመናታል። ሰው ከቅዳሴ እየወጣ ሲመጣ አባቴ በዱላው ወደ ላይ ያሳያል። ምክንያቱን የሰማውም ያልሰማውም ወጣ። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት በሁለት ጎረምሳ ተደግፈው ወጡና ጥሩ ቦታ ይዘው ተቀመጡ።

«ወዴት ነው ጉዞው?» አሉ።

«የትም አንሄድም፣ እማማ» አልኳቸው።

«ምነው ታዲያ አወጣችሁኝ?»

«ለክብደት ነው።»

«ክብደትስ አላጣም!» ብለው ሳቁ፤ የተጫነው ሁሉ አብሮ ሳቀ።

አርባ ሰው ሲሞላ ባሌስትራው ተኛ። አባቴ ጎማው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ጌታሁን በካምቢዮው በኩል ገባ፤ እኔ ከኋላ ልገባ ሳጎነብስ አባቴ በዱላው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። የድሮው «ደብተርሽን ያዢ» ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ።

«ግቢ» አለ። «ያንቺ ዓይን ጠብታ የሚቆጥር ነው።»

በጀርባዬ ተኛሁ። የቅባት ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈ። በልጅነቴ ያየሁት ሁሉ ከውጭ ነበር፤ እዚያ ሆኜ ቀና ስል የአባቴን ዕድሜ የማየው መሰለኝ። ሲባጎውን ወጥሬ ቋጠርኩ። ፈትተን ሁለት ጊዜ ደገምን።

«ሸጋ ነው፤ አሁን ውረዱ!» አለ አባቴ። እማማ ግን «ዘንድሮ የተቀመጥኩበት ጥሩ ቦታ ይሄ ነው» ብለው ቶሎ አልወረዱም።

*ሰኞ*

ዘንጉን በማዳበሪያ ጠቅልለን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሰርነው። ለእኔ መቶ ሃምሳ፣ ለዘንጉ ሁለት መቶ ብር። ረዳቱን «ከሰው ይበልጣል እንዴ?» ስለው «እሱ አይወርድ፣ አይጠጋ!» አለኝ።

አባቴ ስላልቻለ ወደ ጎንደር የወረድኩት ብቻዬን ነው። ብረት የሚቆረጥበትና የሚበየድበት ቶርኖ ቤቱ ያለው አሮጌ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ኑሩ አባቴን ያውቀዋል። ስድስት ቀዳዳና አራት ቀዳዳ የሚያስታርቅ ወፍራም ክብ ብረት ከመካከል እንዲገባ ተስማማን። ዘንጉ ከመቆረጡ በፊት አባቴ እንዳስጠናኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። በሁለቱ ጫፎች ያሉት ክሮቸራ የሚባሉት መስቀለኛ መገጣጠሚያዎች በአንድ አቅጣጫ ካልተበየዱ ማኪናው ይንቀጠቀጣል።

«አያ ሞላ ነው ያስተማረሽ፣ ወይስ ሆስፒታሉ?» አለ ኑሩ። ሲባጎውን ዘርግቶ ምልክት አደረገና መጋዙን አስነሳ።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ከመካከል የሚገባው ክብ ብረትም ቦታ ይይዛል! ውፍረቱን ከቁመቱ አልቀነስንም።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ። ኑሩ እጁን አነሳ። ብረቱ ተጭሯል፣ አልተቆረጠም። ውፍረቱን ቀንሰን እንደገና ለካን። ከዚያ በኋላ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። ኑሩ ሻይ አዘዘልኝ።

*ማክሰኞ*

ማታውን ይዤው አምባ ጊዮርጊስ የተመለስኩትን ዘንግ ጠዋት ስንገጥመው የመጀመሪያው ቡሎን ገባ፣ ሁለተኛውም ገባ። የመጨረሻውን ጌታሁን ሲያስገባ ትንፋሽ የሚያወጣ አልነበረም። ከጎረቤት የተዋስነውን የገብስ ጆንያ ጭነን በዳባት መንገድ ወጣን። ጌታሁን ይነዳል፣ አባቴ ከመሀል፣ እኔ ከዳር ነኝ።

ፍጥነት ሲጨምር አባቴ የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈ። ሁላችንም ያቺን እጅ አየናት፤ ትንቀጠቀጣለች። ጌታሁን ፊቱ ገረጣ። አባቴ ቀኙን አነሳና ደህናውን ግራ እጁን በቦታው አስቀመጠ። እጁ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁል እስክንጀምር አላነሳውም።

«እሷ ደህና ናት» አለ። «የምንቀጠቀጠው እኔ ብቻ ነኝ።»

ጌታሁን ማኪናዋን ዳር አቁሞ ሳቀ፤ ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ለብረት ገዢው የደወልኩት እኔ ነኝ፤ እንዳይመጣ ነገርኩት።

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቴና እኔ ፀዳ ቤታችን ገባን። ምሳ ስላልበላን ገበታው ቶሎ ቀረበ። እኔ እንደ ልማዴ አባቴን ላስታጥብ ማንቆርቆሪያውን ሳነሳ ጥፍሮቼን አየ፤ የሦስት ቀን ቅባት ነበረባቸው። «አምጪው» አለና ማንቆርቆሪያውን በግራ እጁ ተቀበለኝ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የማስታጥብህ።»

«ዛሬ ከሥራ የመጣሽው አንቺ ነሽ። እጅሽን ዘርጊ።»

ዘረጋሁ። መጀመሪያ ናፍጣ፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ ውኃ። ግራ እጁ ሲደክም ቀኙን ከሥር ደገፍ አደረገው፤ ውኃው እየተንጠባጠበ እጅጌዬንም ጉልበቴንም አራሰ።

ያን መንገድ ሄጄ የተማርኩትን ቢጠይቁኝ ብዙ ላወራ እችላለሁ፤ ስለ ዘንግ፣ ስለ ቡሎን። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴን ያሳፈረው እጁን መታጠቡ ሳይሆን እሱ በተራው የሚያስታጥበው ሰው ማጣቱ ነበር። ውኃው እስኪያልቅ እጄን አልሰበሰብኩም፤ እሱም አንዴም ፊቱን አላዞረም።