ሬክስን ማን መታው?

ይህ የሆነው ኮሮና የኦማኗን ሙስካት በዘጋበት ጊዜ፣ አል ሙዋሌህ በሚባለው ሰፈር ተቀጥሬ በምሠራበት ቤት ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ የአንድ ያገሬን ልጅ እንጀራ ልዘጋበት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የማዳም ልጅ ለትምህርት ውጭ ሄዶ በረራ ሲቆም እዚያው ቀረ። ሬክስ የሚባለው ትልቅ ውሻው እኛ ላይ ወደቀ። እኔ ምግቡን አቀርባለሁ እንጂ አልነካውም፤ ምራቁ ካገኘኝ ታጥቤ ነው የምሰግደው። የሚያንሸራሽረውና የሚያጥበው ሾፌሩ ደረጀ ነበር።

አንድ ጠዋት ሬክስ ከተኛበት መነሣት አቃተው። በፊት እግሮቹ ቆሞ የኋላውን ጎተተ። ትንሽ ሲራመድ ተሻለው፤ ደረጃው ጋ ሲደርስ ግን ቁጭ ብሎ ቀረ። ማዳም አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

"ማን ነው የመታው?"

"ወላሂ እኔ አልነካሁትም" አልኳት።

ያመነችኝ አልመሰለኝም። ያን ሰሞን ከውጭ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አልነበረም። ውሻው ከተመታ፣ የመታው ወይ እኔ ነኝ ወይ ደረጀ ነው። እኔ እንዳልሆንኩ ደግሞ አውቃለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጀን በዓይኔ እከታተለው ጀመር። በሦስተኛው ቀን ልብስ ላሰጣ ስወጣ ከጋራዡ የውሻ ጩኸት ሰማሁ። ብቅ ብዬ ሳይ፣ ደረጀ ሬክስን አጋድሞ የኋላ እግሩን ጨብጦ ይዟል። ሲያየኝ ደንግጦ ለቀቀው። ምንም ሳልጠይቀው ገብቼ ለማዳም ነገርኳት።

"ኻላስ፣ በቃ፣ በረራ ሲከፈት ወደ አገሩ ይሄዳል" አለች። "እስከዚያ ውሻውን እንዳይነካው።"

እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። ጥርጣሬው ከእኔ ላይ ወረደ።

ሳምንት አለፈ። ደረጀ አጠገቡ አልደረሰም፤ ሬክስ ግን አልተሻለውም። ጠዋት ሲነሣ ያው ነው። እብነ በረዱ ላይ ሁለቱም የኋላ እግሮቹ ይንሸራተታሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ የኋላ ጥፍሮቹ ወለሉን እየፋቁ ጫፋቸው ተበልቷል። ይህ የአንድ ቀን ዱላ ሥራ አይደለም። ደረጀን በሐሰት ከስሼው እንዳይሆን ብዬ ፈራሁ።

ያየሁትን ለማዳም ነገርኳት። ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት አለችን። የነዳው ደረጀ ነው። ከመኪናው አቅፎ ያወረደውም እሱ ነው።

ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ "የዳሌው መገጣጠሚያ አልቋል፤ ወራት የቆየ ነው። ማንም አልመታውም" አለ። መድኃኒት ሰጠን። ውፍረቱን ቀንሱለት፣ ደረጃ አታስወጡት፣ በሚሄድበት ላይ ምንጣፍ አንጥፉለት አለን።

ቤት እንደደረስን ደረጀን ጋራዥ ድረስ ተከትዬው ሄድኩ።

"ያን ቀን እግሩን ምን ስታደርገው ነበር?" አልኩት።

"እሾህ የገባበት መስሎኝ እየፈለግሁ።"

"ታዲያ ለምን ለማዳም አላስረዳሃትም?"

ማስኩን ዝቅ አደረገና "አንቺ የመታሽው መስሎኝ ነበር፣ ሰዓዳ። እኔ አይደለሁም ካልኩ ወዳንቺ መዞሯ ነው። አገር ቤት ማን እጅሽን እንደሚጠብቅ አላውቅም፤ እኔ ቤተሰብ የለኝም" አለኝ።

 በዚያው ገብቼ ለማዳም ሐኪሙ ያለውንና መሳሳቴን ነገርኳት፤ አላባረረችውም። ይቅርታ ስጠይቀው "ተይው" አለኝ።

ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እሱም እንደኔ ጠርጥሮ ነበር፤ እሱ ግን ስለኔ ብሎ ዝም አለ።