የሰኞ ደሜ

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ቢቸና ጤና ጣቢያ የደም መርማሪ ነበርኩ። ከሩቅ ተመድቤ የመጣሁ፣ በሙያዬም ከልክ በላይ የምኮራ ሰው። የደም ማነስ የምለካበት መሣሪያ አንድ ቀጭን ቱቦና ከጎኑ የተተከለ ቡናማ የመስታወት ዘንግ ነበረው። ደሙን ከአሲድ ጋር ቱቦው ውስጥ ጨምሬ፣ ቀለሙ ዘንጉን እስኪመስል ውሃ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። ውሃው የደረሰበት ቁጥር የደሙ መጠን ነው። መሣሪያው እንዳይዋሸኝ ደግሞ ሰኞ ሰኞ የራሴን ጣት ወግቼ እለካ ነበር። ሁልጊዜ ዘጠና፣ የጤነኛ ሰው ቁጥር! ከዚህ ወዲያ ምስክር አልፈልግም ነበር።

አንድ ሐሙስ የቅኔ መምህሩ ወጣት ባለቤት መጣች። ልትወልድ ሳምንታት ቀርተዋታል፤ በር ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። የዓይኗን ቆብ ገልበጥ አድርጌ ባየው ነጭ ነው። መሣሪያው ግን ሰማንያ አምስት አለ።

«ደምሽ ደህና ነው፣ እህቴ። ድካም ብቻ ነው።»

«እርስዎ ካሉማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች።

ቅዳሜ መሣሪያውን ሳጸዳ ዘንጉን ከመያዣው አወጣሁት። ብረቱ ሸፍኖት የኖረው ጫፍ እንደ ድሮው እንደ ጠላ የጠቆረ ነው፤ ሌላው ቀጭን ሻይ መስሏል። ለብርሃኑ ብዬ መስኮት ላይ ሳኖረው ፀሐይ ቀለሙን በልታዋለች። የፈዘዘ ዘንግ ብዙ ውሃ ይጠይቃል፤ ውሃ በበዛ ቁጥር ደግሞ ቁጥሩ ይወጣል። የሐሙሷ ሴት ሰማንያ አምስት ትዝ አለኝ። የሰኞ ደሜ ግን እስካሁን ዘጠና ነው፤ እሱ ካልተለወጠ መሣሪያውም አልተበላሸም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ጥርጣሬው ግን አልለቀቀኝም፤ ሞጣ ጤና ጣቢያ ከሳጥኑ ያልወጣ አዲስ መሣሪያ እንዳለ አውቃለሁ። ክረምት ስለሆነ መኪና የለም፤ የእኔን መሣሪያ ይዤ በማግስቱ ተነሣሁና በበቅሎ ሁለት ቀን በጭቃ ተጓዝኩ። የሞጣው ባልደረባዬ ጣቴን ወጋ። በእኔ መሣሪያ ዘጠና፣ በእሱ ስልሳ። ደገመው፤ አሁንም ስልሳ።

«አንተ ሰው፣ ራስህ ታመሃል እኮ!» አለኝ። «ዘንጉ ሲፈዝ ደምህም አብሮ ሲያንስ ኖሯል። እንዴት ታውቀው!»

በኋላ ሰገራዬን አይቶ ደም የሚመጥ የመንጠቆ ትል እንዳለብኝ ነገረኝ። ስለ ራሴ ማሰብ ግን አልቻልኩም። የመምህሩ ባለቤት ደም ስንት ድረስ ወርዶ ይሆን? እንደዚያ ሆና ቤቷ ከወለደች የሚፈሳትን ደም አትችለውም። ምጥ ሳይጀምራት በቃሬዛ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መድረስ አለባት። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በመንገድ ሁሉ በቅሎዋን እየገረፍኩ፣ ጥቂት ቀን ብቻ ስጠኝ እያልኩ ፈጣሪን ለመንኩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቢቸና ገብቼ በቀጥታ ወደ መምህሩ ቤት አመራሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ እልልታ ሰማሁ። በዚያ ሰፈር ለሴት ልጅ ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል። ከበቅሎዋ ሳልወርድ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ተጀምሮ ተቋረጠ። ከውስጥ አንዲት ሴት የወላዷን ስም ትጠራለች፤ ደጋግማ ትጠራለች፤ የሚመልስላት የለም።

መምህሩ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ብድግ አሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ አለ።

«እሰይ፣ እንኳን መጡ! ሴቶቹ ያለ ነገር ይጮኻሉ፤ ይንገሩልኝ እስቲ» አሉኝ። «ደሟ ደህና ነው ብለው የለ?»