ልጄ መስቀሉን አልለቅም ያለ ቀን

እኛ የነገሌ ካቶሊኮች በጾም አርብ ፍኖተ መስቀል ስንጸልይ፣ ግድግዳው ላይ ባሉት የጌታ ሕማማት ሥዕሎች ፊት በየተራ እየተንበረከክን፣ ትንሽ የእንጨት መስቀል እንቀባበላለን። ባለፈው አርብ ያዘልኩት ልጄ እያለቀሰብኝ አቋርጬ ወጥቼ ስለነበር ዛሬም እንዳያስወጣኝ ስጨነቅ ተራዬ ደረሰ።

መስቀሉን ትከሻዬ ላይ ሳደርገው ልጄ ከኋላዬ ጨብጦት ጸጥ አለ። ቀጥለው ለሚይዙት አሮጊት፣ ለአዴ ሎኮ፣ ላቀብል ስል ግን ጩኸቱን አቀለጠው።

«ዲሲ» ብለው በኦሮምኛ፣ «ተይው ልጄ። እኔም ጉልበቴን አሞኛል» አሉኝ።

ሰው እያየኝ፣ እያፈርኩ፣ እስከ መጨረሻው ሥዕል እኔው ተሸከምኩት። ጸሎቱ ሲያልቅ ልጄ መስቀሉን እንደጨበጠ ተኝቷል። ጣቶቹን ቀስ ብዬ ላላቅቅ ስል ጸሎቱን የመሩት አባ መጡና በሹክሹክታ፣

«እንዳትቀሰቅሺው፤ ይዘሽው ሂጂ። ሲነቃ ትመልሽልናለሽ» አሉኝ።