ሰባተኛው አንቀጽ

የገሠሠ አባት ከቡልጋ ወርዶ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነበር። ልጁን ድሬዳዋ ላይ ለሚሲዮን አባቶች የሰጠውም «ይህ እንኳ ብረት ከመሸከም ይዳን» ብሎ ነው። ልጁም ዳነ። ፈረንሳይኛውን አቀላጥፎ፣ ባቡሩ ናዝሬትን ከተማ ሲያደርጋት መጥቶ የአገረ ገዥው አስተርጓሚ ሆነ።

ያን ጊዜ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ሱቅ የከፈተው፣ እርሻ የያዘው ፈረንጅ ከባላገር ጋር በተጋጨ ቁጥር «በውሉ መሠረት!» ይላል። ውሉ ምን እንደሚል ግን ከአገረ ገዥው ጀምሮ የሚያውቅ የለም። ይህ ገሠሠን ከነከነው። አዲስ አበባ በተላከ ጊዜ ደጅ ጠንቶ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውን፣ በኋላም ሌሎች መንግሥታት የተጠለሉበትን ውል ፈረንሳይኛውንና አማርኛውን ጎን ለጎን ገልብጦ መጣ። ቃል በቃል ሲያመሳክረው ሚስቱ አሰለፈች «ዳዊቱን እንኳ እንዲህ ሲደግሙት አላየሁዎ» ትለው ነበር።

ብዙ የቆየው ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ነው። አበሻና ፈረንጅ ሲካሰሱ የኢትዮጵያ ዳኛ ከቆንስሉ ጋር ተቀምጦ ያያል፤ ተከሳሹ ፈረንጅ ከሆነ በፈረንጅ ሕግ፣ አበሻ ከሆነ በአበሻ ሕግ ይፈረዳል፤ ሁለቱ ባይስማሙ ነገሩ ወደ ዙፋን ይወጣል። ይህን የሰማ ሁሉ «ሸጡን» አለ። ገሠሠ ግን «የለም፣ የኛ ዳኛ ወንበር አለው» ብሎ ተከራከረ። «የሚቀመጥበት ጠፋ እንጂ ወንበሩን ማንም አልወሰደብንም።»

በ፲፱፻፲፱ ዓ.ም. በጋ ላይ ሙሴ ስታቭሮ የሚባል ፈረንጅ፣ ከናዝሬት በታች አዋሽ ዳር ባለው የጥጥ እርሻው፣ ከብቶቹን ከመስኖው ቦይ ያጠጣ የነበረውን ሰንበታ የሚባል ባላገር በጠመንጃ መትቶ ገደለው። የሰንበታ ታናሽ ወንድም ጉተማና የመንደሩ ሰዎች ስታቭሮን ይዘው ጎጆ ውስጥ አሰሩት። አገረ ገዥው ወታደር አስከትሎ ገሠሠን ላከው።

ገሠሠ ሲደርስ ጉተማ ጦሩን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አሻም፣ ጉተማ» አለው።

«አሻም። ምን ልትለን መጣህ?»

«ስጡኝ ልላችሁ ነው። እዚህ ብትገድሉት መንደሩ ይጠፋል። ብትሰጡኝ ግን የኛ ዳኛ ተቀምጦ ያየዋል። ውሉን አንብቤዋለሁ።»

«ቢያመልጥስ?»

«አያመልጥም። የተጻፈ ነገር ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። የሰንበታ ሚስት ዲንቄ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጣ ነበርና ማንም አልጠየቃትም። ጉተማም ጦሩን ከበሩ ላይ አነሳ።

ስታቭሮ በባቡር አዲስ አበባ ተወሰደ። እዚያ አንድ ቆንስል «ይህ ሰው የመንግሥታችን ጥገኛ ነው፤ እስኪፈረድ እኔ ዘንድ ይቆይ» ብሎ ተረከበው። ገሠሠ በአገረ ገዥው ስም አቤቱታ ጻፈ፦ ጥገኝነቱ የተሰጠው ከግድያው በኋላ ከሆነ አይጸናም፤ ቆንስሉ ካልተስማማም አንቀጹ እንደሚያዘው ነገሩ ወደ ዙፋን ይቅረብ። ክርክሩ ጥሩ ነበር፤ የሰማው ዳኛም አመሰገነው። ግን ችሎቱ በተቀጠረ ቁጥር የቆንስሉ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ቆንስሉ ከሌለ ደግሞ ችሎት የለም። ዲንቄና ጉተማ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ እየመጡ ተመለሱ። ክረምቱ ሲወጣ ስታቭሮ «ለሕክምና» ጅቡቲ ወርዷል ተባለ። የሄደበት ባቡር ናዝሬት ላይ ቆሞ ውኃ ቀድቶ ነው ያለፈው።

ገሠሠ ይህን ለመንገር ወደ መንደሩ ወረደ። ጉተማ አዳመጠው፤ አልተቆጣም። «ወረቀትህን ደህና አድርገህ አንብበኸዋል?» ብቻ አለው።

በዓመቱ የስታቭሮ የወንድም ልጅ እርሻውን ሊይዝ መጣ። ስለ ሰንበታ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ለሠራተኞቹም «አከም» ብሎ ሰላምታ መስጠት እየተማረ ነበር። ጉተማ ቦዩ ዳር ጠብቆ በጦር ወግቶ ገደለው። አልሸሸም፤ በእግሩ ናዝሬት ወጥቶ እጁን ሰጠ።

አሁን በችሎቱ ቀን ቆንስሉ አልቀረም። ከዳኛው ቀድሞ ደርሶ ተቀምጦ ነበር። የሚያስተረጉመውም ገሠሠ ነው። ዳኛው ጉተማን ለምን እንደገደለ ጠየቀው።

«ገሠሠ በነገረኝ ሕግ ሄድኩ» አለ ጉተማ። «ሄጄ ጠበቅሁት። ሕጉ አልመጣም።»

አስተርጓሚ የሰማውን ይመልሳል፤ ገሠሠ የገዛ ስሙን ሳይዘል ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው። ከዚያ ለመናገር ፈቃድ ለመነ።

«ጌታዬ፣ ተከሳሹ አበሻ ነውና የሚፈረደው በአበሻ ሕግ ነው። በአገራችን ልማድ ደግሞ የሟች ወገን የደም ካሳ ተቀብሎ ይምር እንደሆነ ይጠየቃል። እነ ጉተማም ጉማ የሚሉት እርቅ አላቸው። የሟች ወገን ይጠየቅልኝ።»

ዳኛው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ቆንስሉም አልተቃወመም፤ እንዲያውም ፈገግ አለ። ለሟች የቅርብ ዘመዱ አጎቱ ስታቭሮ ነው፤ ወደ ጅቡቲ ቴሌግራም ይደረግለት አለ። ገሠሠ ይህን ሲተረጉም ዳኛው ደግመህ በለው አለው።

የስታቭሮ መልስ ሳይውል ሳያድር መጣ። ካሳ አልፈልግም፣ ደም በደም ይላል። ያንንም ለጉተማ ያነበበለት ገሠሠ ነው። ጉተማ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ እያየ ተሰቀለ።

ከዚያ ወዲህ የአዋሽ ዳር ሰዎች ገሠሠን መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታ ነፈጉት። ዲንቄ ብቻ አንድ ቀን ቤቱ መጣች። አሰለፈች ያቀረበችላትን ዱካ ትታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ያንን ውል ያንብቡልኝ» አለችው።

አነበበላት።

«ይህ ሲጻፍ የኛ ሰው እዚያ ነበር?»

«ነበር። ማኅተሙም የኛው ነው።»

«እርስዎ ውሸት አልነገሩንም ማለት ነዋ።»

«አልዋሸሁም፣ ዲንቄ።»

«ቢዋሹ ይሻል ነበር» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «ውሸት ቢሆን ጉተማ ያን ቀን አያምንዎትም ነበር።»

አሰለፈች እስከ ደጅ ሸኘቻት። ስትመለስ ባሏ ከተቀመጠበት አልተነሣም ነበር፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

ገሠሠ በዚያው ዓመት አገልግሎቱን ትቶ ወደ ሻሸመኔ ወረደ፤ ለነጋዴዎች አቤቱታ እየጻፈ ኖረ። ከፈረንጅ ጋር የተጣላ ሰው ሲመጣበት ወደ ሌላ ጸሐፊ ይሰደዋል፤ ለምን ቢሉትም ምክንያቱን አይናገርም። በ፲፱፻፳፭ ዓ.ም. ወባ ያዘው፤ ሳይሰነብትም ሞተ። ናዝሬት ለነበሩ ወዳጆቹ አሰለፈች መርዶ ላከች። ወደ አዋሽ ዳር ግን የላከችው ሰው የለም።