በቫዝሊን የተቀባው ወረቀት

ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር፣ የአየር ብክለት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ልጆቹ መጽሐፉን ሸምድደው በአንድ ድምፅ ያነበንቡልኝ ጀመር። «አየር በጭስና በአቧራ ይበከላል!» ይላሉ። በመስኮቱ የሚገባው የሰንጋ ተራ ግንባታ አቧራ ግን እዚያው ዴስካቸው ላይ ተኝቷል፤ በጣታቸው ስማቸውን ይጽፉበታል እንጂ ከትምህርቱ ጋር አያገናኙትም። ስለዚህ መጽሐፉን አስዘግቼ ፕሮጀክት ሰጠኋቸው። ነጭ ወፍራም ወረቀት አቧራ እንዲጣበቅበት ቫዝሊን ስስ አድርገው ቀብተው፣ ቁጥር ጽፈውበት፣ በየሰፈራቸው ይሰቅላሉ፤ አቧራ የሚበዛው የት እንደሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል።

አንዱ ቡድን ጌጃ ሰፈር ሰቀለ። ሌላውን አንዲት ቀጭን፣ ተከራካሪ ልጅ ትመራው ነበር። እሷ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ከአንድ ትልቅ ግንባታ ጎን ስለሆነ ወረቀቱን አጥሩ ላይ ልንሰቅል አብሬያቸው ሄድኩ። የግንባታው ጥበቃ አስቆመን።

«እህት፣ ማን ልኮሽ ነው?»

«አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ናቸው።»

«እሱንማ አየሁት። የላከሽን ነው የጠየቅኩሽ።»

አቧራ ልንለካ ነው ስለው ባሰበት። አቧራ የሚለካ ሰው ነገ ከሳሽ ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ግንባታውን ፎቶ አንስተሽ እንደሆነ ስልክሽን ካላየሁ አለ፤ አሳየሁት። አጥሩን ትተን የኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ላይ ሰቀልን። እሱም ከግንባታው የቆርቆሮ በር ሆኖ ዓይኑን ከእኛ ላይ አልነቀለም።

ከዚያ ወረቀቶቹ መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ከደረጃው አጠገብ ያለው፣ ቀጥሎ የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው። በምትኩ ሌላ እንሰቅላለን፤ እሱም ይጠፋል።

«ቲቸር፣ ጥበቃው ነው» አሉኝ።

«በዓይናችሁ በብረቱ አይታችኋል?»

«አላየንም። ግን እሱ ነው።»

ልገሥጻቸው ይገባኝ ነበር፤ ግን እኔም በልቤ እሱኑ ይዤ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጥርጣሬው ክፍል ውስጥ ገባ። የኮንዶሚኒየሙ ልጆች «የጌጃ ሰፈሮቹ ናቸው፤ የእኛ ወረቀት ስለጠቆረ ቀኑ» አሉ። የጌጃ ሰፈሮቹም «ራሳችሁ ደብቃችሁ ነው፤ ሥራ ሰልችቷችሁ» ብለው መለሱ። ወንበር ተለያዩ።

ተከራካሪዋ ልጅ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ ወረቀት ሰቅላ፣ የቤታቸውን በር ገርበብ አድርጋ ጠበቀች። በእናቷ ስልክ ስትደውልልኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ቲቸር፣ ቶሎ ነይ። እማማ ናቸው።»

እማማ የሚሏቸው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ስደርስ በራቸው ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ጠበል የያዘች ትንሽ ጠርሙስ፣ በሌላው የእኛ ወረቀት። ወረቀቱን በባዶ እጃቸው አልነኩትም፤ በነጠላቸው ጫፍ ነው የያዙት።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ይመስገነው። ልጆቹን ይኼን የምታሰቅያቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ትምህርት ነው።»

«ትምህርት በደብተር ነው። ቅባት የተቀባ ወረቀት፣ ያውም ቁጥር የተጻፈበት፣ በሰው ደጃፍ ሲንጠለጠል ግን ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ቤቴን የሚመኝ ሰው እንዳለም አውቃለሁ።»

መተት የሚለውን ቃል አላወጡትም። እኔም አላወጣሁትም። ልጅቷ በጣቷ ወረቀቱን አሳየቻቸው።

«እማማ፣ አቧራ እኮ ነው! ይዩት፣ ጠቁሯል።»

«ጥላሸት ነስንሳችሁበት ቢሆንስ?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እውነትም አለመነስነሳችንን የሚያሳይ ነገር አልያዝንም። ጥቂት አሰበችና፣ «እሺ፣ እርስዎ ራስዎ ይቀቡት» አለች። «በራስዎ ወረቀት፣ በራስዎ ቫዝሊን። አንዱን መስኮትዎ ላይ ያድርጉት፤ አንዱን ቁምሳጥን ውስጥ ይቆልፉበት። እኛ አንነካውም።»

እማማ ገብተው ያለፈ ዓመት ካላንደር አወጡና ጀርባውን ለሁለት ቀደዱት። ሲቀቡት ከደጅ ሆነን አየን። እንድንገባ አልጋበዙንም።

ለማነጻጸሪያ ቁምሳጥን ውስጥ የሚቆለፍ ወረቀት እኔ ፕሮጀክቱን ሳወጣ ያላሰብኩት ነገር ነበር። በማግስቱ ለክፍሉ ነገርኳቸውና ሁሉም ቡድን አንድ አንድ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ዘጋ።

ከሳምንት በኋላ እማማ አስጠሩን። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። የተቆለፈው እንደነጣ ነው። የመስኮቱ ግን ግራጫ ሆኗል፤ የአሸዋ ፍሬ ሳይቀር ተጣብቆበታል። በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ጣታቸውን አዩ።

«ይኼ ሁሉ እዚህ ቤት ይገባል?»

«ይገባል፣ እማማ» አለች ልጅቷ።

ወረቀቶቹን ለወላጆች ለምናዘጋጀው የክፍላችን ትርኢት እንዲሰጡን ብንለምናቸው እምቢ አሉ። በትርኢቱ ቀን ግን በጨርቅ ጠቅልለው ራሳቸው ይዘው መጡ። ሰው ሲጠጋ፣ «በሩቁ! በሩቁ!» ይላሉ። ወላጆች ከሌላው ጠረጴዛ ሁሉ ይልቅ እሳቸው ጋ ተሰበሰቡ። ልጆቹም ማን ማንን እንደከሰሰ ረስተው ወንበር ያቀርቡላቸው ጀመር።

ከዚያ ወዲህ እማማ መስኮታቸውን ከሰዓት በኋላ እንደሚዘጉ ልጅቷ ነግራኛለች። እኔን ኮሪደሩ ላይ ሲያገኙኝ ግን አሁንም ሰላም ከማለታቸው በፊት ምን እንደያዝኩ እጄን ያያሉ።