«እናቴ ትሙት» ያላለችው ልጅ

የሒሳብ መምህርቷን ተማሪዎቿ «ኤክስሬይ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር ደብተር ሥር የተደበቀ ብጣሽ ወረቀት፣ ክንድ ላይ የተጻፈ ቀመር አምልጧት አያውቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ይቀናታል፤ የገዛ ሰዓቷን እንኳ ስለማታምን ሰው ሰዓት ትጠይቃለች።

ከሁሉ ይልቅ ዓይኗን የማትነቅለው ግን ከአንዲት ባለሻሽ ልጅ ላይ ነበር። ልጅቷ ከተማው ዳር ከሰፈሩት፣ ሜኖናይት የሚባለውን የክርስትና እምነት ከሚከተሉ ቤተሰቦች የመጣች ናት። አትፎክርም፣ አትጣላም፣ ስትመሰገን አንገቷን ትደፋለች።

«ይሄ ሁሉ ጨዋነት የጤና አይደለም» ትላለች ኤክስሬይ።

ረቡዕ ዕለት የዓርቡ ፈተና ጥያቄ ክፍል ውስጥ ካለው መሳቢያዋ ታጣ። በእረፍት ሰዓት ክፍል ስትጠርግ የቀረችው ደግሞ ባለሻሿ ናት። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

«እናቴ ትሙት፣ በገዛ እጄ ነው መሳቢያው ውስጥ የከተትኩት!» አለች ኤክስሬይ ለርዕሰ መምህሩ። ከዚያ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አስማለች። ለእነሱ ውሃ እንደ መጠጣት ነው፤ «አባቴ ይሙት»፣ «እናቴ ትሙት» እያሉ በአንድ ጠዋት ስንቱን ወላጅ ቀበሩት። ተራው ባለሻሿ ላይ ደረሰ።

«አልወሰድኩም» አለች።

«እናቴ ትሙት በያ!»

«አልምልም። አልወሰድኩም።»

የኤክስሬይ ደም ፈላ። እውነት ከሆነ ምላሷን ምን ያዘው? ርዕሰ መምህሩም እስከ ነገ ካልማለች ለፈተና እንዳትቀመጥ ወሰነ። ተጠርቶ የመጣው አባቷ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ «የኛ ሰው አይምልም። መጽሐፉ ነው አትማሉ ያለን። ልጄ አልወሰድኩም ካለች አልወሰደችም» አለ።

«እናቴ ትሙት፣ ከሷ እጅ አይወጣም!» አለች ኤክስሬይ።

ከሥራ ወጥታ ቤት ስትገባ አሮጊቷ እናቷ የታጠፈ ወረቀት አቀበለቻት።

«ጠዋት የትናንቱን ካፖርትሽን ስቦርሽ ከውስጥ ኪሱ አገኘሁት። እንዳይጠፋብሽ ብዬ ትራሴ ሥር አኖርኩልሽ።»

ጥያቄው ነው። ኤክስሬይ እናቷ ላይ አፍጥጣ ቀረች።

«ምነው እንዲህ ታዪኛለሽ? ሞቻለሁ እንዴ?» ብላ ሳቀች እናቷ።

እሷ ግን አልሳቀችም። አፈረች፤ ፈራችም።

በነጋታው ባለሻሿ አሁንም አልምልም ብላ ደብተሮቿን ልትሰበስብ መጣች፤ አባቷ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ኤክስሬይ ክፍሉ ፊት ቆመች።

«ጥያቄው እኔው ኪስ ውስጥ ነበር። ልጅቷ አልወሰደችም። በድያታለሁ፤ ይቅርታ።»

ከኋላ አንዱ ጆሮውን ማመን አቅቶት፣ «ቲቸር፣ እስኪ እናቴ ትሙት ይበሉ!» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቃሉ ከልማድ የተነሳ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ሳቁ ሲበርድ የተማሪዎቹ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነበር፤ ለካ ሲጠረጥሩት እንዲህ ነው።

ባለሻሿ ደብተሮቿን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ አምኛቸዋለሁ» አለች።